ተራውን ካሜራ ለልኬት ማብቃት

በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለምሳሌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የሚደነቁበት ሥዕል ያለው በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። መቅደሱ አራት ማዕዘንና ከፍ ያለ ነው፤ በዙሪያው ያለው መተላለፊያ ግን ጠባብ ነው። ፎቶ አንሺው ሙሉውን ግድግዳ በአንድ ምስል ልያዝ ብሎ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ ጀርባው ወዲያው ከሌላው ግድግዳ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ይገጥማል። ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመውን የበር መቃን አጉብጦ ያሳያል።

ለማየት ብቻ በሚነሳ ፎቶ ላይ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። በግድግዳው ላይ ያለው ስንጥቅ ከአምና ዘንድሮ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሰፋ፣ ሥዕሉ ያረፈበት ሸራ ከግድግዳው ምን ያህል እንደተላቀቀ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ጉብጠት ሥራውን ሁሉ ያበላሽበታል። በጎጃም በቅየሳ፣ በቅርስ ጥበቃና በአፈር ጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ ወጣት ባለሙያዎች «ደኅና ካሜራ ቢኖረን ኖሮ» ሲሉ እሰማለሁ። ምኞታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ካሜራን መለኪያ የሚያደርገው ዋጋው አይደለም፤ ጠባዩ አለመለዋወጡና ያ ጠባይ በቁጥር መታወቁ ነው። ጠባዩን በቁጥር የማወቁ ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል።

ፎቶግራሜትሪ ከፎቶግራፍ ላይ ልክ የማንበብ ሙያ ነው። አንድን ነገር ከተለያየ ቦታ ደጋግሞ በማንሳት፣ በምስሎቹ ላይ የሚታዩትን አንድ ዓይነት ነጥቦች በማዛመድ የነገሩን ቅርጽ በርዝመት፣ በስፋትና በጥልቀት ያሰላል። ከአውሮፕላን ሲነሳ ካርታ ይሠራበታል፤ ከጥቂት ሜትሮች ሲነሳ የቅርብ ርቀት ፎቶግራሜትሪ ነው። ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ጀርመናዊው አርክቴክት አልብሬክት ማይደንባወር በዌትዝላር ከተማ ያለውን ካቴድራል ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ሲለካ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ሕንጻ ላይ ተንጠላጥሎ ከመለካት ምስሉን መለካት አይሻልም ወይ የሚለው ሐሳብ ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም። ለሙያው ፎቶግራሜትሪ የሚለውን ስም በ1867 ያወጣለትም እርሱ ነው።

ስሌቱ የቆመበት መሠረት ቀላል ነው። በግድግዳው ላይ ያለ አንድ ነጥብ፣ የሌንሱ መሐልና የነጥቡ ምስል በሴንሰሩ (በካሜራው ውስጥ ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን በሚይዘው ገጽ) ላይ ያረፈበት ቦታ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይውላሉ። ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሁለት መስመሮች ከተገኙ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ የነጥቡ መገኛ ነው። ቀያሽ ቶታል ስቴሽን በተባለው የቅየሳ መሣሪያ ማዕዘን እያነበበ ለአንድ ነጥብ የሚያደርገውን ካሜራ እጅግ ብዙ ለሆኑ ነጥቦች ባንድ ጊዜ ያደርገዋል። መስመሩን ከሴንሰሩ ተነስቶ ወደ ውጭ ለመዘርጋት ግን በካሜራው ሆድ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ማወቅ ግድ ይላል።

መታወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ከሌንሱ መሐል እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ነው። በሌንሱ ላይ 24 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የፋብሪካው ግምት እንጂ የተለካ ልክ አይደለም፤ ለስሌት የሚያስፈልገው የዚያ የአንዱ ሌንስ ትክክለኛ ቁጥር ነው። ሁለተኛው የሌንሱ ቀጥታ እይታ ሴንሰሩን የሚነካበት ነጥብ ነው፤ ዋና ነጥብ ይባላል። በትክክል በምስሉ መሐል ይውላል ብሎ መገመት ያጓጓል፤ በተራ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ ከመሐል ትንሽ ራቅ ይላል። ሦስተኛውና ትልቁ ጉብጠቱ ነው። ከምስሉ መሐል አጠገብ እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን ወደ ዳር በሄደ ቁጥር በፍጥነት ያድጋል፤ ነጥቦችን ወደ ውጭ ይገፋል ወይም ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚህ ሌላ በሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ፍጹም በአንድ መስመር ላይ ስለማይደረደሩ የሚመጣ አነስተኛ የጎን መዛነፍ አለ። የሌንስ ሊቁ ኮንራዲ በ1919 ያነሳውን ይህን የጎን መዛነፍ አሜሪካዊው ዱዌን ብራውን በ1960ዎቹ ለልኬት በሚመች ቀመር አዘጋጀው፤ በ1971 ደግሞ በቅርብ ርቀት ላይ የሚሠሩ ካሜራዎችን ካሊብሬሽን በሰፊው አቀረበ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በዚያው ቀመር ይሠራሉ።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ቁጥር ያሳያል። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነና 6000 በ4000 ፒክስል (ምስሉ የሚገነባባቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች) የሚያነሳ ካሜራ እንውሰድ። የአንዱ ፒክስል ስፋት 0.006 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥሞ ከ3 ሜትር ርቀት ግድግዳ ቢያነሳ፣ እያንዳንዱ ፒክስል በግድግዳው ላይ 0.75 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ይህ እጅግ ጥሩ ነው፤ የብሩሽ ምት ሳይቀር ይታያል። የምስሉ ጥግ ከመሐሉ 3,600 ፒክስል ያህል ይርቃል። ሌንሱ ጥጉ ላይ የ2 በመቶ ጉብጠት ካለው፣ እዚያ ያለው ነጥብ ከትክክለኛ ቦታው በ72 ፒክስል ተንሸራቷል ማለት ነው። በግድግዳው ላይ ሲመለስ 54 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሚሊ ሜትር ለማንበብ የመጣ ሰው ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ስቶ ይመለሳል። በካሊብሬሽን ይኸው ስሕተት ከአንድ ፒክስል በታች ይወርዳል፤ ያውም ካሜራ ሳይቀየር።

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም እህል ገበያ ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ አብልጦ የሚያሳይ ሚዛን ያለው ነጋዴ፣ ሁለቱን ኪሎ እየቀነሰ ማንንም ሳይበድል መሸጥ ይችላል። ዛሬ ሁለት ኪሎ አብልጦ ነገ አንድ ኪሎ የሚያጎድል ሚዛን ግን የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ለምንም አይሆንም። የካሜራም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጉብጠት መኖሩ አያሳስበኝም፣ ጉብጠቱ በየፎቶው መለዋወጡ ግን ያሳስበኛል።

ተራ ካሜራ ደግሞ የተሠራው ራሱን በራሱ እንዲለዋውጥ ነው። ለሠርግና ለጉዞ ፎቶ የሚያምረው ምቾት ሁሉ ለልኬት ጠላት ነው። ዋነኛው በራሱ የሚሠራው ፎከስ ነው። ፎከስ ሲስተካከል በሌንሱ ውስጥ ያሉ መስታወቶች ይንቀሳቀሳሉ፤ ከሌንስ እስከ ሴንሰር ያለው ርቀትም ይለወጣል። 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀላል ሌንስ ሩቅ ተራራ ላይ ሲያተኩር ርቀቱ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሜትር ላይ ሲያተኩር 24.19 ይሆናል። ልዩነቱ ዐይን የማያየው ቢሆንም 32 ፒክስል ያህል ነው። ስለዚህ ፎከሱ በእጅ ይስተካከል፤ ከዚያም ቀለበቱ እንዳይዞር በፕላስተር ይታሰር። ይህች የጥቂት ብር ፕላስተር ከብዙ ውድ ዕቃ ይልቅ ለልኬቱ ትጠቅማለች፤ ይህን የምለው በእርግጠኝነት ነው።

የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርመው ማረጋጊያም ይጥፋ፤ ሥራው ሌንሱን ወይም ሴንሰሩን ማንቀሳቀስ ነውና ዋናውን ነጥብ በየፎቶው ይለውጠዋል። በምትኩ ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቁም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃኑ ከበርና ከመስኮት የሚገባ ብቻ ስለሆነ፣ ፍላሽም ለሥዕሉም ለጸሎቱም ስለማይመች፣ ማቆሚያው በማንኛውም ሁኔታ አስፈላጊ ነው። የሚያቀርብና የሚያርቅ ዙም ሌንስ ካለ ወይ በአንዱ ጫፍ ላይ ታስሮ ይቆይ ወይም በማይንቀሳቀስ ሌንስ ይተካ። ካሜራው በራሱ ጉብጠትን የሚያርምበት ምርጫ ካለው ይዘጋ፤ እኛ የምንለካው የሌንሱን ጠባይ እንጂ ካሜራው ያቀናውን ምስል አይደለምና። ምስልን እንደ አያያዙ የሚያዞረውም እንዲሁ ይዘጋ። ሲዘጋ ሌንሱ ወደ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የኪስ ካሜራ ከሆነ፣ ሥራው እስኪያልቅ ባይጠፋ ይመረጣል፤ በድጋሚ ሲወጣ በትክክል እዚያው ቦታ ላይ አይቆምም።

ካሜራው ተረጋጋ እንበል። አሁን ጠባዩን መለካት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜዳ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጥቁርና ነጭ ክብ ወይም ቁጥር ያላቸው ምልክቶች በወረቀት ታትመው በአንድ መማሪያ ክፍል ማዕዘን በሁለቱ ግድግዳዎችና በወለሉ ላይ ይለጠፋሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በተለያየ ርቀት በተቀመጡ ሳጥኖችና አግዳሚ ወንበሮች ላይ። የምልክቶቹን ቦታ አስቀድሞ መለካት አያስፈልግም፤ ፎቶው ተነስቶ እስኪያልቅ ድረስ አለመንቀሳቀሳቸው በቂ ነው፤ ቦታቸውን ስሌቱ ራሱ ከካሜራው ጠባይ ጋር አብሮ ያወጣዋል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት የዳማ ሰሌዳ የሚመስለው ባለ ካሬ ወረቀትም ይሠራል፤ ግን ወረቀቱ እንዳይጎብጥ ወፍራም መስታወት ላይ ይለጠፍ። ምርጫው ካለ ግን ጥልቀት ያለውን ማዕዘን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ቀጥሎ ግልጽ ይሆናል።

የካሊብሬሽን ዕጣ የሚወሰነው ፎቶው በሚነሳበት ሰዓት እንጂ ኮምፒውተሩ ፊት አይደለም። ፕሮግራሙ ማንኛውንም ምስል ተቀብሎ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ እውነት የሚሆነው ፎቶዎቹ የተሳሰሩበት መንገድ ጠንካራ ከሆነ ብቻ ነው። አንድን ጠፍጣፋ ግድግዳ ፊት ለፊት ብቻ እያነሳን፣ ሌንሱ ከሴንሰሩ ትንሽ ቢርቅና እኛም ከግድግዳው ትንሽ ብንርቅ ምስሉ ያው ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ አንዱን ስሕተት በሌላው ይሸፍነዋል። ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች በሰያፍ ስናነሳ፣ ቅርብና ሩቅ ምልክቶችም በአንድ ምስል ውስጥ ሲገቡ ግን መሸፈኛው ይጠፋል። ዋናው ነጥብም እንዲሁ ካሜራው ትንሽ ዘንበል ከማለቱ ጋር ይምታታል። መፍትሔው ካሜራውን 90 ዲግሪ በጎን አዙሮ ማንሳት ነው፤ ዋናው ነጥብ ከካሜራው ጋር አብሮ ሲዞር ዘንበል ማለቱ ግን አይዞርም፤ ስለዚህ ሁለቱ ይለያያሉ። በዚህ ዓይነት ከ12 እስከ 20 ፎቶዎች ይበቃሉ፤ ከፊሎቹ በአግድም፣ ከፊሎቹ በቀኝና በግራ ጎን። ምልክቶቹ ደግሞ በተለያዩ ፎቶዎች ውስጥ እስከ ምስሉ ጥግ ድረስ ይድረሱ። ጉብጠቱ የሚከፋው ጥጉ ላይ ነው፤ ጥጉ ላይ ምልክት ካልታየ ስሌቱ ስለ ጥጉ የሚናገረው በግምት ነው።

ወደ ዘጌ ግድግዳዎች ስንመለስ ችግሩ ግልጽ ይሆናል። ግድግዳው ጠፍጣፋ፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ ሌንሱም በጣም የሚያጎብጠው ዓይነት ነው፤ ለካሊብሬሽን ከዚህ የባሰ ቦታ መፈለግ ይከብዳል። ስለዚህ ካሊብሬሽኑ ከመተላለፊያው ውጭ፣ ጥልቀት ባለው ቦታ፣ በዚያው ፎከስና በዚያው ቀን ይሠራ። ከዚያም ቁጥሮቹ ሳይነኩ ለግድግዳው ሥራ ይውሰዱ። የደብሩ አስተዳዳሪና ካህናት ፈቃድ ከተገኘ በኋላም ቢሆን፣ ምልክት በሥዕሉ ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም፤ ምልክት የያዘ ማቆሚያ በግድግዳው አጠገብ ማቆም ይበቃል።

ጥንቃቄው ለቅርስ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ደብረ መዊ አካባቢ ያለው የዋልካ መሬት በቦረቦር ክፉኛ ተጎድቷል፤ ተመራማሪዎችም የቦረቦርን መስፋት ካጠኑባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የአንድ ቦረቦር ቅርጽ ከክረምት በፊትና በኋላ በፎቶ ከተለካ፣ የሁለቱ ልዩነት የተጠረገውን አፈር መጠን ይሰጣል። እዚህ ላይ የጉብጠቱ ቁጥር በትንሹ ከተሳሳተ፣ ፎቶዎቹም ሁሉ ቀጥ ብለው ወደ ታች ወይም ጎን ለጎን ከተነሱ፣ የተሠራው መሬት መሐሉ ላይ እንደ ጉልላት ወደ ላይ ይነፋል ወይም እንደ ሳህን ወደ ታች ይሰረጉዳል። ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር በሆነ ቦረቦር ላይ አማካዩ ስሕተት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ 16 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። ያልታጠበ አፈር ታጠበ ተብሎ ይጻፋል፤ ወይም በእውነት የሄደው ሳይቆጠር ይቀራል፤ እርከን የት ይሠራ የሚለው ውሳኔም በዚያ ላይ ይቆማል። መከላከያው አሁንም ያው ነው፤ ከትይዩ ፎቶዎች ጋር በሰያፍ የተነሱ ምስሎችን መጨመር።

ስሌቱ ካበቃ በኋላ ፕሮግራሙ አንድ ቁጥር በኩራት ያሳያል፦ አማካይ ስሕተት በፒክስል። ከግማሽ ፒክስል በታች ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። መቆም የለበትም። ይህ ቁጥር የሚናገረው ፎቶዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ነው፤ ከእውነተኛው ዓለም ጋር መስማማታቸውን አይደለም። ደካማ አነሳስ ራሱ ዝቅተኛ ስሕተት ያሳያል፤ ስሕተቱ ሁሉ በአንድ ወገን ተስማምቶ ስለተደበቀ። በዚህ ምክንያት ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ይታዩ። አንደኛው የእያንዳንዱ ቁጥር እርግጠኝነትና የቁጥሮቹ መደጋገፍ ነው፤ ሁለት ቁጥሮች አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ አንዱን መተው ይሻላል። ለጉብጠቱ ሦስት ቁጥሮች የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ብዙ በማያጎብጥ ሌንስ ላይ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ለስሌቱ ጥቅም ሳይሆን ሸክም ነው። ሌላው በስሌቱ ውስጥ ያልገባ የተለካ ርቀት ነው፤ ዳኛው እርሱ ነው።

ስለ ርቀት ከተነሳ፣ ካሊብሬሽን መጠንን አይሰጥም። ፎቶ ብቻውን ትልቅን ሕንጻ ከትንሽ ሞዴል አይለይም። ስለዚህ ከሥራው አጠገብ ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ይቀመጣል፤ በሁለት ጫፉ ምልክት የተለጠፈበት፣ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት በጥንቃቄ የተለካ። ማንኛውም የብረታ ብረት ቤት የአሉሚኒየም ዘንግ ቆርጦ ይሰጣል። እንጨት እርጥበት ስለሚያሳብጠው አልመክርም። አሉሚኒየምም ሙቀት ያውቃል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሜትር ዘንግ 0.23 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጠዋት ከጮቄ ብርድ ተነስቶ ከሰዓት በዓባይ በረሃ የሚሠራ ሰው ይህን ያስብ። ሁለት ዘንግ ካለ አንዱ መጠን ይስጥ፣ ሌላው ይመርምር። ከፎቶው የተገኘው ልኬትና የመርማሪው ዘንግ ትክክለኛ ርዝመት የሚለያዩት በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ከሆነ ካሜራው ሥራውን ሠርቷል። ጥርት ያለ ምልክትና ጠንካራ አነሳስ ካለ ተራ ካሜራ ከዕቃው ስፋት አንድ አሥር ሺህኛ ድረስ መለካት ይችላል፤ በ3 ሜትር ግድግዳ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

በስልክ ካሜራስ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ግን ይከብዳል። ስልኩ ፎከሱን ራሱ ይወስናል፣ ማረጋጊያው ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ ወደ ዕቃው ሲቀርብ ከአንዱ ሌንስ ወደ ሌላው ሳያስታውቅ ይሻገራል፣ ምስሉንም አስቀድሞ ያቀናዋል። ፎከስ የሚቆልፍ መተግበሪያ ተጠቅሞ፣ አንዱን ሌንስ ብቻ መርጦ፣ ካሊብሬሽኑን ከሥራው ፎቶዎች ጋር በአንድ ላይ ማስላት የተሻለው መንገድ ነው። የትናንትናውን የስልክ ካሊብሬሽን ለዛሬ ማዋል ግን አይገባም።

ለካሜራም ቢሆን ካሊብሬሽን ዘላለማዊ አይደለም። ሌንሱ ተፈትቶ ከተገጠመ፣ ካሜራው ከወደቀ፣ ወይም መርጡለ ማርያም ድረስ ባለው ረጅም መንገድ ሲንገጫገጭ ከዋለ፣ እንደ አዲስ ይሠራ። በእነብሴ ሳር ምድር ያለው ይህ ደብር በእቴጌ እሌኒ እንደታነጸ የሚነገርለት የድንጋይ ቅርጽ ፍርስራሽ አለው፤ እንዲያ ዓይነት ቅርጽ ለማንሳት የሄደ ባለሙያ ምልክቶቹን ይዞ ሄዶ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ካሊብሬሽን ቢሠራ ይበጀዋል። ሁለቱ ውጤቶች ከተስማሙ በመካከላቸው ያለው ሥራ ሁሉ ይታመናል።

የካሊብሬሽኑ ፎቶዎች ራሳቸው፣ የወጡት ቁጥሮች ብቻ ሳይሆኑ፣ ከሥራው ፎቶዎች ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጡ። አጠገባቸው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል የካሜራውና የሌንሱ መለያ ቁጥር፣ ፎከሱ የታሰረበት ርቀት፣ ቀኑ፣ የዘንጉ ርዝመትና የተለካበት መሣሪያ ይጻፍ። ፕሮግራሞች በየጊዜው ይሻሻላሉ፤ ከዓመታት በኋላ ያን ግድግዳ እንደገና የሚለካ ሰው የእኛን ምስሎች በራሱ ፕሮግራም እንደ አዲስ አስልቶ ከራሱ ልኬት ጋር ለማወዳደር የሚችለው እነዚህ ካሉት ብቻ ነው።